ደንበኛው የማን ነው?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዳኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? የምጽፍልሽ ከአሥራ አንደኛው ፎቅ ነው። ዛሬም ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ከተማውን ውጦታል። የአባትሽ የጥብቅና ድርጅት ከነሁለት መቶ ጠበቃው ደመና ላይ የሚንሳፈፍ መርከብ ይመስላል። ጠበቆቹ ከመስታወቱ ግድግዳ ጀርባ እንደ ዓሣ እየቀዘፉ ያልፋሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። እንዲህ ሲሆኑ እንዴት እንደሚያምሩ! ችግሩ በሩ ሲከፈት ነው።

እኔ ያው ክፍልና ወንበር አዳይ ነኝ። ሰሞኑን የማይነጋገሩ ሁለት ጠበቆችን ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልንህ?» አለኝ አንዱ። «ተሳስቼ ነው ጌታዬ» አልኩት። አልተሳሳትኩም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። አባትሽ የመሪነቱን ወንበር ሊለቅ ነው፤ ማን ይተካው በሚለው ግን ሸሪኮቹ አልተስማሙም። ጡሩምባ፣ ያ ሲያስነጥስ መስታወት የሚያርገበግበው ሸሪክ፣ «ካልመረጣችሁኝ ደንበኞቼን ይዤ እወጣለሁ» ብሏል። እሱ ከወጣ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ ቤቱ ተበተነ ማለት ነው።

ትናንት ተሰበሰቡ። እኔም ወንበር ጎደለ ብዬ ገባሁና በዚያው ቀረሁ።

«እኔ ያመጣሁት ደንበኛ የእኔ ነው!» አለ ጡሩምባ። «የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

አባትሽ ወደ ጉሙ ዞረ። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጄ እዚችው ክፍል ውስጥ ነግራኝ ነበር» አለ። «እያንዳንዱ ደንበኛ ቢያንስ ሁለታችንን ይወቅ፤ ድርሻችንም በየግላችን ባመጣነው ሳይሆን አብረን በሠራነው ይሁን አለች። ጮህኩባት፤ ጥላኝ ሄደች። ልክ ነበረች።»

በሰው ሁሉ ፊት ነው ያለው። በጆሮዬ ሰማሁ።

ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ ወደምትይዘው አዲሷ ጠበቃ ዞረና፣ «እስቲ አንቺው ንገሪያቸው የኔ ልጅ። ወይስ መንገዱ አደከመሽ?» አላት። በስምሽ ጠራት።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ ምን ላድርግ? ከት ብዬ ሳቅሁ። «ወንድም ጋሼ ዛሬ ደግሞ የእኔን የቀልድ ሥራ ቀማኝ!» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። አባትሽም ሳቀ፤ ዓይኖቹ ግን ምን እንዳሳቀን እኔን ይጠይቁኝ ነበር።

ምርጫው ለወሩ መጨረሻ ተላለፈ። ጡሩምባ ሲወጣ ክንዴን ያዘና፣ «እሷ ትመጣለች?» አለኝ። አልጮኸም።

ዛሬ ጠዋት አባትሽን አሳንሰር ውስጥ አገኘሁት። በሩ ተከፍቶ እሱ የፎቆቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ያያል። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ፣ «አብረን እንውጣ ብዬ ስጠብቅህ ነው» አለ።

«ዘገየሁብህ» አልኩና አሥራ አንድን ተጫንኩ። አብረን ወጣን፤ ጉሙም አብሮን ወጣ።

ጻፍላት አላለኝም። እኔም ነይ አልልሽም፤ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። ብቻ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው አጎትሽ ቀልዱ እያለቀበት ነው።

መንገድሽ ብሩህ ይሁን። የወጣሽበት በር ሁሉ መግቢያም ይሁንልሽ።

የሚወድሽ አጎትሽ፣
ወንበር አዳዩ