ሦስት ስንጥር፣ ሦስት መሬት

ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ፫ ሰዓት፣ መሥሪያ ቤት

ስድስተኛው ትምህርት። ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ ነኝ። መጽሐፉ ፕሮባቢሊቴ ይለዋል፤ የዕድል ሒሳብ መሆኑ ነው። አንድ ሰውዬ ከከረጢት ኳስ ያወጣል፣ ነጭ ወይ ጥቁር። አይቶ መልሶ ይከተዋል። ደግሞ ያወጣል። ሥራ የለውም? ፈረንሳይኛው ለብቻው ይገባኛል፤ ሒሳቡም ለብቻው ይገባኛል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ድንግርግር።

አንተ ደብተር፣ ላንተ ካልተናገርኩ ለማን ልናገር? በሶዶ ከተማ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በፖስታ የሚማር ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አራት ዓይነት ነው፦ የዕድል ሒሳብ፣ ስታቲስቲክ፣ ኤኮኖሚ፣ ሶሲዮሎጂ። ፈተናው ግንቦት ላይ፣ አዲስ አበባ። ካለፍኩ ከዚህ ከግልባጭ ጸሐፊነት እወጣለሁ። ከወደቅኩ እስክሸብት ግልባጭ።

አለቃዬ መጡ። ዘጋሁ።

ጥር ፳፭

ወንድም ጋሼ መጥቶ ነበር። የአባታችን ተዝካር ወጣ፣ እንግዲህ መሬቱን እንካፈል አለ። ሦስት ልጆች፣ ሦስት ቦታ። ሲያዩት ቀላል ነው።

አይደለም። አንዱ ቤቱ ያለበት ነው፣ ከከተማው ዳር፣ ጓሮው እንሰት ብቻ። ሁለተኛው በገሱባ መንገድ፣ ደጋ፣ ደህና እርሻ። ሦስተኛው ሁምቦ፣ ቆላ፤ ዝናብ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ቤቱ ውስጥ ያለችው እህታችን ወርቅነሽ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ አባታችን ቤት ተመልሳ፣ እስኪያርፍ ድረስ ያስታመመችው እሷ ናት። እንሰቱን አንድ በአንድ የተከለችውም እሷው።

ሽማግሌዎቹ ቤቱ ለሷ ይቅርላት ወደማለቱ ነበሩ። ወንድም ጋሼ አሻፈረኝ አለ። ዕጣ ይውጣ፣ ታላቅ እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ አነሳለሁ ባይ ነው። እታለም በጄ አላለችም። መጨረሻ ለሚያነሳ የሚደርሰው የሰው ትራፊ ነው አለች።

እኔ የራሴን አሰላሁ። የገሱባው ቢደርሰኝ ተከራይቶ የሚያርሰው ሰው አለ፤ ለፈተናው መንገድ ስንቁን እሱ ይችለኛል። ሁምቦን ማንም አይከራይም። እንዲህ ማሰቤ ራሱ ደስ አይልም።

ጥር ፳፰፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ጉድ! አራተኛው ጥያቄ የኛው ጉዳይ ነው። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ዕጣ ያነሳሉ፤ መጀመሪያ ያነሳው ዕድሉ ይበልጣል ወይ? መልስ፦ አይበልጥም። የመጀመሪያው ሲሶ ዕድል አለው። ሁለተኛው ደግሞ፣ መጀመሪያ የመጣው ቤቱን ካላገኘ (ሁለት ሲሶ) ከቀሩት ከሁለቱ አንዱን ያነሳል (ግማሽ)። የሁለት ሲሶ ግማሽ ያው ሲሶ ነው። ለሦስተኛውም የሚተርፈው ሲሶ።

አላመንኩም። ባርኔጣዬ ውስጥ አንድ የበቆሎ ፍሬ፣ አንድ ባቄላ፣ አንድ ሽምብራ ጨመርኩ። በቆሎው ቤቱ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሦስቱንም ተራ በተራ ማውጣት፣ መጻፍ፣ መመለስ። ስድሳ ጊዜ። በቆሎውን አብዝቶ ያገኘው ሦስተኛው ሆኖ አረፈው! ይኸ ደግሞ ምን ማለት ነው? መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ጥቂት ጊዜ ሲሞከር ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሲበዛ ይስተካከላል ይላል። ስንት ነው ብዙ? አይናገርም።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ጠንቋይ ሆንክልኝ እንዴ፣ ብለው ባቄላውን አንስተው ቆረጠሙት። የመንግሥት ሥራ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቅጥፈት።

ጥር ፴

እታለም ዘንድ ሄድኩ። እንሰት ትፍቅ ነበር። እሷ እንደ እናታችን በወላይትኛ ኡታ ነው የምትለው። የተበላውን ባቄላ ተክቼ፣ ፍሬዎቹን ከኪሴ አውጥቼ በሻሽዋ ጫፍ ላይ አሳየኋት። ቀድሞ ማንሳትና ኋላ ማንሳት አንድ ነው አልኳት። ደጋግማ ሞከረች። በመጽሐፉ ተጽፏል? ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

እንግዲያው አንተ ካልክ ይሁን አለች። ለሽማግሌዎቹም እሺ ብላ ላከች።

ኩራት ተሰማኝ። ትምህርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ፈታ።

የካቲት ፪

ኤኮኖሚ። ማንኛውም ሰው የሚጠቅመውን ያውቃል፣ ያንኑም ይመርጣል ይላል። የት አገር? ሶሲዮሎጂ። ቤተሰብ ምንድር ነው፣ በሁለት ገጽ አስረዳ። ሁለት መስመር ጽፌ ሰረዝኩ። ወንድም ጋሼ ከአምስት ልጆቹ ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እሱም ቤተሰብ ነው። እንዲያው ምን ልጻፍ?

የካቲት ፬፣ የቅበላ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ

ወጣ።

ከጾሙ በፊት ይለቅ ብለው ሽማግሌዎቹ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ሦስት ስንጥር በአንድ ጭብጥ። አንድ ጭረት ቤቱ፣ ሁለት ጭረት ገሱባ፣ ሦስት ጭረት ሁምቦ። ወንድም ጋሼ ሳበ፦ አንድ ጭረት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ መሬት ሳመ። እኔ ሳብኩ፦ ሁለት ጭረት። ለእታለም የቀረውን ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሰጧት። መሳብ እንኳ አላስፈለጋትም።

ምርቃት ሆነ። አሜን አልን።

ስንለያይ ቀረብ ብላ፣ መጽሐፉ ልክ ነበር? አለችኝ። ልክ ነው አልኩ። ደግ፣ አለችና ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት ፱

ከመሥሪያ ቤት ስወጣ አለፍኩባት። እንሰቱን እየነቀለች ነው። ትንንሾቹን በኮባ ጠቅልላ ደርድራለች፣ ሁምቦ ልትተክላቸው። እዚያ ሙቀቱ ይጨርሳቸዋል እኮ አልኳት። ታውቃለች። እና ለምን? ብላት፣ ለወንድምህ ሚስት ትቻቸው ልሂድ? አለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ወንድም ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። እንለዋወጥ፣ ገሱባውን ውሰድ፣ ቤቱ ለሷ ይሁን፣ እኔ ሁምቦን እይዛለሁ አልኩት። ዕጣ የእግዜር ነው፣ አሜን ብለሃል አለኝ። ደግሞም ልጆቹን አሳየኝ፣ ተደራርበው እንደሚተኙ። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ።

የካቲት ፲፣ ከጧቱ ፪ ሰዓት

ሒሳቡ ላይ ተሳስቼ እንደሆን ብዬ እንደገና ሠራሁት። ልክ ነው። ሌላ ወረቀት። ልክ ነው። አንጀቴን ያሳረረኝ ይኸው ልክነቱ።

ለካ እታለም የፈራችው ተራውን አልነበረም! መጨረሻ ማንሳትን ያለችው ሌላ ቃል አጥታ ነው። እኔ ደግሞ ተማርኩ ባይ፣ ለቃሏ መልስ ሰጥቼ ዝም አሰኘኋት። ለሦስታችንም ሲሶ ሲሶ። ወንድም ጋሼ ዕጣው ባይወጣለት ያው የነበረበት ነው። እኔም ያው። እሷ ግን ከሦስቱ በሁለቱ ከቤቷ መውጣት ነበረባት። ሳትነካው በእጇ የነበረውን ቤት ባርኔጣ ውስጥ አስጨመርኳት። ሽማግሌዎቹ እኮ ሊተዉላት ነበር። ይኸ የየትኛው ትምህርት ነው? አራቱንም ገለባበጥኩ። የለም፣ ወይም አልገባኝም።

የካቲት ፲፫፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት

ለእታለም ነገርኳት። የገሱባው ያንቺ፣ ሁምቦው የኔ። ደጋ ነው፣ እንሰቱ ይይዛል። ሽማግሌዎቹንም ጠየቅኩ፤ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ማን ይከለክላል አሉ።

ጮኸችብኝ። ፈተናህስ? ስንት ዓመት የደከምክበት! በወላይትኛ ደግማ ጮኸችብኝ፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ስትቆጣኝ አላየሁም። የሚከራየው ከሌለ ስንቅም የለ፣ ስንቅ ከሌለ መንገድም የለ፣ ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ አልኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም።

ከዚያ ተነስታ ዶማ ሰጠችኝ። ዝናቡ ደርሷል፣ የተነቀለ እንሰት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም አለች። ገሱባ መንገድ አብረን ወረድን። እሷ በእርምጃ ትለካለች፣ እኔ እቆፍራለሁ። ጠባብ ነው፣ ጥልቅ አይደለም፣ ጠማማ ነው እያለች ሁሉንም አስተካከለችው። ሳይመሽ ዘጠኝ ጉድጓድ ጨረስን።

መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ብዕሩን አላስይዝ ብሎኛል። ለዩኒቨርሲቲው ለግንቦት አልደርስም ብዬ መጻፍ አለብኝ። ምክንያቱን በፈረንሳይኛ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ አላውቅም፣ በአማርኛም ቢሆን። እንዲህ ልጀምር፦ ክቡር ሆይ፣ እህቴ