የአቶ ቢያድግልኝ ባዬ የሕይወት ታሪክና የጡጦው ነገር

አቶ ቢያድግልኝ ባዬ ከአባታቸው ከአቶ ባዬ ሽፈራውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስህን ይመር በሐምሌ ወር 1966 ዓ.ም. በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች ስላልበረከቱ ነው ስማቸው ቢያድግልኝ የተባለው። ወይዘሮ ስህን የአምባሰል ሴት ናቸው፤ ከአምባሰል ተድረው ሲወርዱ ይዘውት የመጡት ዋናው ንብረት ምላሳቸው ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል። እነሆ ዛሬ ያደገላቸውን ልጅ ሊቀብሩ ከፊታችን ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ያጽናቸው።

አቶ ባዬ ዓሣ መነገድ ሲጀምሩ ቤተሰቡ ወደ ሐይቅ ከተማ ገባ፤ እዚያም ከቆርቆሮ ሠሪው ከአቶ አብዱልሰመድ ቤት ጋር አጥር ተጋራ። የአቶ አብዱልሰመድ ልጅ ሰላሀዲንና አቶ ቢያድግልኝ እኩያሞች ነበሩ። ሥጋው በየሃይማኖቱ ቢለይም ዓሣ ባርኮ የሚያርደው አይፈልግምና ሁለቱ ከአንድ ሳህን ሲበሉ አደጉ፤ ይህን መንደሩ በሙሉ ያየው ነው።

አቶ ቢያድግልኝ ፊደል የቆጠሩት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር እየተመላለሱ ሲሆን፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሐይቅ ከተማ ተከታትለው በ1984 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ባሕር ዳር ገብተው በ1989 ዓ.ም. በመካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሲሠሩ ቆይተው በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉአለም ጋር በሕግ ተጋቡ፤ ሳምሪንና ይመርን ወለዱ። በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው የፈጠራ መብት መርማሪ ሆኑ።

የፈጠራ መብት መርማሪ ማለት፣ አንድ ሰው ይህን ዕቃ መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝና መብቱ ይሰጠኝ ብሎ ሲያመለክት፣ እውነት ከዚያ በፊት ማንም እንዳልሠራው፣ እንዳልጻፈው፣ በአደባባይም እንዳላሳየው የሚያጣራ ሰው ነው። ይህን ለሐይቅ ሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ልጅሽ ምን ይሠራል ሲባሉ ወይዘሮ ስህን፣ ሰው ለፍቶ የሠራውን «ይሄማ ተሠርቷል» እያለ ይመልሳል፣ ደመወዝም ይከፈለዋል፣ ይሉ ነበር። አቶ ቢያድግልኝም ቢሆኑ ሠርግ ቤት ሳይቀር የድስት ክዳን አንስተው ካላገላበጡ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

አባታቸው በ1993 ዓ.ም. ሲያርፉ አቶ ቢያድግልኝ በቅሬው የአባታቸውን ቦታ ተተኩ። ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበራችን ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ርስት ባይኖረው ይኖራል፤ ቅሬ ከሌለው ግን ሬሳውን ማን ያነሣዋል? ስለዚህ አዲስ አበባም ተቀምጠው አንድም ጊዜ መዋጮ አላጓደሉም፤ ፈቃድ ባገኙ ቁጥር እየመጡ ድንኳን ይተክሉ ነበር።

አሁን ወደ ጡጦው እንምጣ። በሕይወት ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም ያሉን ነበሩ። እኛ ዘመዶቻቸው ግን ሐይቅ የሚያውቀውን ነገር ዘለን ብናነብ ሐይቅ ይስቅብናል ብለን አካተነዋል።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት የቅሬው ዕቃ ቤት ጣሪያ በየምስማሩ እያፈሰ ድንኳኑን አበሰበሰው። አቶ ሰላሀዲን የአባታቸውን ሙያ ይዘው ቆርቆሮ ሠሪ ሆነው ነበርና ሥራው ለእርሳቸው ተሰጠ። ሲሊኮን የሚባለው ማሸጊያ ሙጫ ከቱቦው ሲወጣ በምስማሩ ራስ ባንድ ጎን ይከመርና ሌላው ጎን ክፍት ይቀራል። አቶ ሰላሀዲን የምስማሩን ራስ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከጎኑ አየር የሚያስወጣ ስንጥቅ ያለው አፍ ሠርተው በቱቦው ጫፍ ገጠሙበት፤ አንዴ ሲጫኑት ሙጫው በምስማሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይተኛል። የሕፃን ጡጦ ስለሚመስል የሐይቅ ሰው ጡጦ አለው።

በእኛ አገር ያልተመረቀ ነገር አይበረክትም። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙነወር፣ ጉባኤው በተሰበሰበበት ጡጦውን በሳህን አስቀርበው ዱዓ አደረጉበት፤ ቄሱም መረቁ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። አቶ ሰላሀዲንም ቆርቆሮ ላለው ሁሉ ይድረሰው ብለው እየሠሩ አደሉ። አቶ ቢያድግልኝ በዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ከጉባኤው መሀል ተቀምጠው አሚን ብለዋል። በማግስቱም ራሳቸው በእናታቸው ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው በጡጦው ምስማር ሲያሽጉ ዋሉ።

በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ። በየሬዲዮው የአገር ልጅ ፈጠራ ይበረታታ ተባለ። አንድ የሙጫ አስመጪ የጡጦውን ወሬ ሰምቶ፣ የመብቱን ወረቀት ካመጣህ አብረን እናመርታለን ብሎ ለአቶ ሰላሀዲን ቃል ገባ። እርሳቸውም በ2011 ዓ.ም. አመለከቱ። ለአቶ ቢያድግልኝ አልነገሩም፤ ወረቀቱን ይዘው ድንገት ሊያስደንቋቸው ነበር ሐሳባቸው። ምነው በነገሯቸው ኖሮ!

ማመልከቻው ዞሮ ዞሮ አቶ ቢያድግልኝ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሥዕሉን ሲያዩ ሳቁ፤ የአመልካቹን ስም ሲያነቡ ሳቃቸው ቆመ። የውጭ አገሩን ሰነድ አገላበጡ። ሙጫ ማውጫው በየዓይነቱ አለ፤ እንደዚያ ያለ ስንጥቅ ያለው ግን የለም። ሥራው አዲስ ነው፣ ይጠቅማል፣ ማንም ባለሙያ በቀላሉ የሚደርስበት አይደለም። በዓለም ሁሉ ፈልገው ያጡትን ነገር ሐይቅ ላይ ብቻ ያውቁታል። ሕጉ ፈጣሪው ራሱ ነገሩን ለሰው ካሳየ በኋላ አንድ ዓመት ይታገሣል፤ ከዱዓው እስከ ማመልከቻው ግን ከሁለት ዓመት በላይ አልፏል።

አንድ የሥራ ባልደረባቸው፣ አንተ ዝም በል እንጂ ሐይቅ የሆነውን እዚህ ማን ያውቃል ብሏቸዋል። ለወይዘሮ ሙሉአለም የነገሯቸው ይህን ነው፦ «ያየሁትን እንዳላየ ሆኜ ከፈረምኩ ነገ የማንን አያለሁ?» ጓደኛዬ ነውና ልመርምረው አይገባኝም ብለው ማመልከቻውን መለሱ፤ ከመመለሳቸው በፊት ግን ያዩትንና አሚን ያሉበትን ጉባኤ ጽፈው ፈረሙ። እዚህ ላይ ጥፋታቸውን አንሸፍንም። መመሪያው አይፈቅድም ብለው ለአቶ ሰላሀዲን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላሉም።

አቶ ሰላሀዲን፣ ነገሩ ከዚህ በፊት በሕዝብ ፊት ታይቷል ተብሏል፣ መልስህ ምንድን ነው ተብለው ተጠየቁ። አልታየም ቢሉ የአንድ ሰው ቃል በአንድ ሰው ቃል ይረታ ነበር፤ መብቱም አይቀርባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ዱዓ የተደረገበትን አልተደረገም አልልም። ሰው ፊት የሆነ ነገር አይካድም።» ማመልከቻው በ2012 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። አስመጪውም ጡጦውን ራሱ ያመርተው ጀመር፤ የሚከለክለው አልነበረም።

ጽፎ የፈረመው ማን እንደሆነ ከሰሙ በኋላ የአቶ ሰላሀዲን ቁጣ ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። «ኧረ ወላሂ፣ ቢያንስ እንዲህ ልጽፍብህ ነው አይለኝም? ስልክ የለኝም? ከሌላ ሰው አፍ ልስማ?» እያሉ ባገኙት ሰው ፊት ይናገሩ ነበር። ወይዘሮ ስህንም ለልጃቸው አላዳሉም። እውነት መናገር ደግ ነው፣ ግን ጎረቤትህን ቀድመህ ብትነግረው እውነቱ ይጎድልብህ ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው።

ቅሬውም ተሰበሰበ። የቅሬ ነገር ከቅሬ አይወጣም የሚል ደንብ አለንና፣ የጉባኤያችንን ዱዓ መንግሥት ቤት ወስዶ መሰከረበት ተብሎ የአቶ ቢያድግልኝ ስም ተሰረዘ። ለመሥሪያ ቤታቸው ቅሬው አደባባይ ነበር፤ ለእኛ ደግሞ ቅሬ የገዛ ቤታችን ነው። አቶ ቢያድግልኝ ውሳኔውን ሲሰሙ ደጋግመው ደወሉ፤ አቶ ሰላሀዲን አላነሡም። ለዒድ መጥተውም በራቸው ላይ ቆመው ተመለሱ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። ሕዝቡ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲሸሽ ወይዘሮ ስህን፣ ከአምባሰል አንዴ ወርጃለሁ፣ ሁለተኛ ከቤቴ አልነቀልም ብለው ቀሩ። የአቶ ሰላሀዲን ባለቤት ወይዘሮ ሂንድ እጃቸውን ይዘው ቤታቸው አስገቧቸው፤ የእህል ዘሩ ሲያልቅባቸው ቆሎ ተካፍለው ከረሙ። አቶ ቢያድግልኝ አዲስ አበባ ሆነው የማይሠራ ስልክ ሲጎረጉሩ ሰነበቱ። እናታቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ የሚነግራቸው አልነበረም።

መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። የሐይቅ ጣሪያ ሁሉ በጥይት ወንፊት ሆኗል። የእናታቸው ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ሰው ጡጦ ይዞ ያሽጋል፤ ቀና ብለው ቢያዩ አቶ ሰላሀዲን ናቸው። ሰላምታ የለ፣ እንኳን ደህና መጣህ የለ። ቁልቁል አይተው «መሰላሉን ያዝ» አሏቸው። ያዙ። እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ እንደያዙ ቆሙ። ከታች ከነበሩት አንዱ፣ እንኳን መብቱ ተከለከለ፣ ይኸው ለሁላችንም ደረሰ ቢል፣ አቶ ሰላሀዲን ከላይ ሆነው «ቢሰጠኝ ኖሮ ልከለክላችሁ ነበር?» ብለው ተቆጡ። የተናገረው ሰው አፈረ። አቶ ሰላሀዲን ከመሰላሉ ወርደው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ኩርፊያውም ቀጠለ።

አቶ ቢያድግልኝ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የቆሽት ሕመም ታወቀባቸው። አዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው ሲሏቸው ወደ አገሬ ውሰዱኝ አሉ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ሐይቅ ደረሱ። ሕመሙን ችለውታል። ያልቻሉት አንድ ነገር ነው፤ እየደጋገሙ «ማን ያነሣኛል?» ይሉ ነበር። ሰው ቀጥረን እንቀብርሃለን ያላቸውን ዘመድ ፊቱን አላዩትም። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ተመልሶ የሚገባው ከቅሬው አንድ ሰው ተነሥቶ ዋስ ሲሆነው ነው። ሽማግሌ ላክን፤ ቅሬውም ለሚቀጥለው ቀን ተቀጠረ። ማን ዋስ እንደሚሆን ግን አናውቅም ነበር።

በቀጠሮው ዋዜማ አቶ ሰላሀዲን በሩን ከፍተው ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «አብሽር። ነገ ዋስ ልሆንህ ነው። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ቀድሜ ልነግርህ መጣሁ።» አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ወይዘሮ ስህን ሁለቱንም በየተራ ተቆጡና ዓሣ አቀረቡ። በሽተኛው መዋጥ ባይችሉም ከሳህኑ እጃቸውን አልነፈጉም።

በማግስቱ ሸህ ሙነወር፣ ለዚህ ሰው ዋሱ ማን ነው ብለው ሲጠይቁ አቶ ሰላሀዲን ተነሡ። ከበደለህ ሰው ጋር ምን አገናኘህ ቢባሉ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በድሎኛል። ግን ሰው ፊት የሆነ ነገር አይካድም። ጓደኝነታችንም ሰው ፊት ነበር።» ጉባኤውም የአቶ ቢያድግልኝን ስም መልሶ ጻፈ።

አቶ ቢያድግልኝ ባዬ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሞታቸውን በጥሩምባ ያስነገረው፣ አስከሬናቸውን የተሸከመው ቅሬያቸው ነው።

አቶ ቢያድግልኝ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድም የላቸውም ብለን ጽፈን ነበር፤ ወይዘሮ ስህን አሰረዙንና ዛሬ ጠዋት መቃብሩን የቆፈሩትን አቶ ሰላሀዲን አብዱልሰመድን አስጻፉን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለቀሩት መጽናናትን፣ ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን። ይህንንም የምንለው ሰው ፊት ነውና፣ ነገ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር ሁላችሁም አሜን፣ አሚን በሉ።