ሳላደርስልህ የቀረሁት ቃል

…ዝናቡ ሊጀምር ነበር፤ እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ በእማማ መቃብር ራስጌ ቆሜ ነበር፤ ያኔ በሰፈራችን ስልክ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነበርና። አንተ ከኦክላንድ ሆነህ «እህት ዓለም፣ አባባ ምን አለ?» አልከኝ። እኔም አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሸርጣን በመቃብሩ አሸዋ ላይ በጎን በጎኗ ስትሄድ አየሁ። ይህን ልጽፍልህ ብዙ ጊዜ ጀምሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ሸርጣኗ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ፤ ይቅር በለኝ። የምወድህና የማከብርህ ወንድሜ ኬሌፒ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሰውነትህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ፣ ሐኪሙ ከነካው ወዲህ ተሻለህ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? በዚህ ወር እናንተ ዘንድ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል ብለኸኝ ነበር። ባለቤትህ ሜሌስ ደህና ናት? ጎደሬ የምትገዙበት ሰውዬ አሁንም አለ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የሚባለውን ያህል ማለቴ ነው። አባባ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ማታ ማታ ያስለዋል። ባሌ ታኒኤላ ባሕር ላይ ነው። ቦዬው ተተክሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሰማያዊ ተቀብቶ አልቋል፤ ግማሹ ሰው ወዶታል፣ ግማሹ ባሕር ላይ የተደፋ ጀልባ ይመስላል ይላል።

ይህን ደብዳቤ ፈሌቲ ያመጣልሃል። ሐሙስ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ከእሱ አፍ ከመስማትህ በፊት ይህን አንብበው። ደብዳቤውን በእጅህ እስኪሰጥህ ስለ እኛ ቤት ምንም እንዳይነግርህ አስምዬዋለሁ፤ ግን ፈሌቲን ታውቀዋለህ፣ ምሥጢር አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ በጀልባ መጣ። ያ በፍንጭቱ እያፏጨ ከመምህር ይሸሽ የነበረው ልጅ ዛሬ የአገራችን የራግቢ ብሔራዊ ቡድን መልእክተኛ ሆኖ፣ ወገቡ ላይ የክብር ምንጣፉን ታጥቆ፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር ተሸክሞ። ወንዶቹ ካቫውን ከበው ሲቀመጡ ወዲያው ጀመሩት። ጎረቤታችን ሞሴሴ «ፈሌቲ፣ አንድም ቀን ኳስ ይዘህ ሳትሮጥ ሯጭ ልትሰበስብ መጣህ?» አለው። ፈሌቲም «እኔማ ከአንተ ውሻ ስሮጥ ነው ያደግኩት፤ ቡድኑ ያኔ ቢያየኝ ኖሮ አንተ ዛሬ በሬዲዮ ትሰማኝ ነበር» አለ። አባባ እንኳ ሳቀ። እኔ ከጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር ምንጣፍ እየታታሁ ነበር። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ፈሌቲ ድምፁን አስተካክሎ ስለ ደንቡ ተናገረ። አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን እሱ ያለውን ልጻፍልህ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበርና። «አባቴ፣ ድሮ የአንድ አገር ማልያ ለብሶ አንዲት ደቂቃ የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን የዚያ አገር ነበር። አሁን ሦስት ዓመት ለማንም ካልተጫወተ ወደ ተወለደበት፣ ወይም አባት እናቱ፣ አያቶቹ ወደ ተወለዱበት አገር መመለስ ይችላል። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወዲያ መዟዟር የለም። ኬሌፒ ከተጫወተ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የጉልበቱን ነገር አልደብቅዎትም፤ ከዚህ ዓመት አያልፍም። ስሙን እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስገባሁ አበቃ።» አባባ ጽዋውን ጠጥቶ መለሰ። ፈሌቲ አንተ ያልከውን ጨመረ፤ አባቴ በገዛ አንደበቱ ና ካላለኝ ቀዩን ማልያ አልነካም፣ እሱ ፊቱን አዙሮብኝ በአገሬ ማልያ በአገሬ ሰው ፊት አልሮጥም ማለትህን።

አባባ የተናገረው ይኼን ነው። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «ልጄ ፈሌቲ፣ አመጣጥህን አከብራለሁ። እኔ ለዚያ ልጅ ቃሌን አንዴ ልኬለታለሁ። የሚኖርበት አገር ባለ ጥቁር ማልያ ቡድን ሲጠራው ላኩበት። ሰምቶ እምቢ አለኝ። አባቱን ሰምቶ እምቢ ያለን ሰው የትኛው ደንብ ነው የሚመልሰው?» ፈሌቲ የያዘውን ጽዋ ሳይጠጣ አስቀመጠ። አንተ እንዲህ ያለ ነገር አንስተህለት አታውቅም መሰለኝ። እንዴትስ ታነሳለህ።

እጄ ቆመ። የምታታው ቅጠል ከጣቴ ወደቀ።

ወንድሜ፣ አባባ ልኮብህ ነበር። በእኔ ነበር የላከው። በስልክ አይናገርም፣ ፊቱን ለማላየው ሰው ቃሌን አልሰጥም ይላል፤ ታውቃለህ። ጥቁሩ በጠራህ ሳምንት፣ ያን ረቡዕ ጓሮ ጠርቶኝ «ንገሪው። ቀዩ ለእሱ ተቀምጧል። ጥቁሩን አንዴ ከለበሰ መመለሻ የለውም። ይጠብቅ። እሱ ከጠበቀ እኔም እጠብቃለሁ» አለኝ። ቃሉን ይዤ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ እየደጋገምኩት ነበር፤ እንዳይጠፋኝ። አልጠፋኝምም። አንተ «አባባ ምን አለ?» ስትለኝ «ምንም አላለም» አልኩህ። ቀጥዬም «እኔ ግን ልበሰው እልሃለሁ» አልኩህ።

ከዚያ «እሺ፣ እህት ዓለም» አልክ። ሌላ ምን ትላለህ? በእኛ ወግ ወንድም ለእህቱ ከእሺ ሌላ መልስ የለውም። ከአሥራ ሁለት ዓመትህ ጀምሮ ለእህት በሚገባው ክብር እኔ በምተኛበት ጣሪያ ሥር አልተኛህም፣ እኔ ባለሁበት ክፉ ቃል አልተናገርክም፣ የለመንኩህን አንዴም አልከለከልከኝም። ይህን እያወቅኩ ነው ልበሰው ያልኩህ። ምክር አልነበረም። እንደ ምክር አድርጌ ግን ተናገርኩት፤ ድምፄን አለስልሼ።

ጨዋታው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በቴሌቪዥን ታየ። እኔ ሴቶቹ ጋ ነበርኩ። አባባ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ወንበር አልፈለገም። አንተ መጨረሻ ላይ ስትገባ ልጆቹ ጮኹ፣ ከዚያ ትልልቆቹ ዝም ማለታቸውን አይተው ዝም አሉ። ዘጠኝ ደቂቃ። አንድ ጊዜ ኳስ ነካህ። አባባ ፊሽካው ሲነፋ እንደማንኛውም ሰው ወጣ፤ በመንገድ ላይ ሰላም ያሉትን ሁሉ ሰላም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህን ጠርቶ አያውቅም። «ያ ልጅ» ነው የሚልህ። ወንዶቹ ደግሞ ከካቫ ቶሎ የሚነሳ ሰው ሲያዩ «ዘጠኝ ደቂቃ ተጫወተ» ይላሉ። አባባ ባለበት ግን አይሉትም።

ዳግመኛ አልጠሩህም። አንተም አንድ ቀን «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አላልክም። ለአባባም አልተናገርክብኝም። አባባ የተቆጣው በጥቁሩ ብቻ ይመስልህ ነበር፤ ቃሉን ረግጠህ እንደለበስከው ማሰቡን አታውቅም ነበር። እሱ ደግሞ ቃሉ እንዳልደረሰህ አያውቅም። ሁለታችሁ መሐል የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንዱን ሰላምታ ለሌላው ሳደርስ ነበር። ሰላምታውን በትክክል አደርስ ነበር።

ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ። ወይም አትጠይቀኝም፤ አንተ አትጠይቅም፣ ስለዚህ እኔው ልበል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኦክላንድ ነርስነት እንድማር ተቀብለውኝ ነበር። ወረቀቱን ለአባባ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «የመጀመሪያ ሴት ልጅ ቤት ትቀራለች» አለ፤ በቁጣም አልነበረም። ቀረሁ። ምንም አልተናገርኩም። ዓመቱን ሙሉ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ስልኩ ውስጥ ድምፅህን ስሰማ ግን አንድ ነገር… እንዲህ ልበለው፤ ከእሱ ቃል የሚያመልጥ አንድ ሰው ከዚህ ቤት እንዲኖር ፈለግኩ። እኔ መሆን ስላልቻልኩ አንተን አደረግኩህ። ለአንተ ክብር ፈልጌም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። የትኛው ይበልጥ እንደነበር ስመዝን ውዬ አድሬ አላገኘሁትም።

ቅዳሜ ወንዶቹ እርሻ ሲሄዱ አክስት ሴኢኒ መጥታ ከምንጣፌ ጫፍ ተቀመጠች። እንደምታውቀው የአባባ ታላቅ ናት፤ እሷ ፊት አባባም ልጅ ነው። ቆየችና «ሎሳሊኔ፣ ይህን ረድፍ ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ፈታሽው» አለችኝ። ቅጠሉ ደርቆ ነው አልኳት። «ቅጠሉስ ደህና ነው» አለች። ከዚያ «እኔ ወንድሜን በዕድሜዬ የለመንኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። እምቢ እንደማይለኝ ስለማውቅ። ሦስተኛውን፣ ልጁን ጥራው ብዬ ልለምነው እችላለሁ፤ ይጠራዋልም። ግን ያላወቀው ነገር እያለ ብለምነው ጉልበት እንጂ ልመና አይሆንም» አለች። ምን እንደምታውቅ አልጠየቅኳት። ተደግፋኝ ተነሥታ ሄደች።

ስለዚህ እኔም አልለምንህም። ቀዩን ልበስ አልልህም፣ ተወውም አልልህም፣ ይቅር በለኝም አልልህም። የእኔ ልመና ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዴ ተጠቅሜበታለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ከእኔ ምንም እንዳልተጠየቅክ ሆነህ የወደድከውን አድርግ። እምቢ ማለት ብትለምድ ደስ ይለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ሄጄ ነበር። ተመለስኩ።

ነገርኩት። አባባ ጓሮ ጎደሬ እየላጠ ነበር፤ መሬት ላይ ከእግሩ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩና ካሰብኩት ባጠረ ቃል ነገርኩት። ቢላዋውን አላቆመም። ጎደሬው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ የሚበላ ነገር አልቀረውም፣ እሱ ግን ይልጣል። «ምን ቀን ነበር?» አለኝ። ረቡዕ አልኩት። «ረቡዕ» አለ። የነርስነቱን ወረቀት ሳነሳ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደ ረሳው ከፊቱ አነበብኩ፤ ከዚያ እንዳልረሳው አነበብኩ። «ያ ልጅ ያውቃል?» አለኝ። አሁን እየጻፍኩለት ነው አልኩት። ቀጥሎ «ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሳል?» አለ። ከፓንጋይ ወደብ አሥር ሰዓት ላይ አልኩት። «ፈሌቲስ?» አለ። ሰባኪው ቤት ዕቃውን እያሠረ ነው አልኩት። ተነሥቶ እጁን ታጠበ። እኔን አላየኝም። ከዚህ የበለጠ የምነግርህ የለኝም፤ ቢኖረኝ አልደብቅህም።

ሜሌን ሳምልኝ። አክስት ሴኢኒ ጉልበትህን በኮኮናት ዘይት እሸው ትልሃለች፤ ሐኪሙ ቢስቅም እሸው። ታኒኤላ ባሕር ላይ ቢሆንም ሰላም እንዳለህ ቁጠረው፣ ዓሣ ሲይዝ ሁልጊዜ ትልቁን የኬሌፒ ነው ይላል። ልጄ ሉፔ ፊደል ጨርሳለች፤ ስምህን በትልልቁ ጽፋ ከዚህ ጋር ልካልሃለች። ሞሴሴም ሰላም ብሎሃል፤ ውሻው ሞቷል።

የአባባን ሰላምታ ከሁሉ አስቀድሜ እጽፍ ነበር፤ ዛሬ አልጻፍኩም። እስካሁን ከላኩልህ ሰላምታዎቹ ስንቱን እሱ እንዳለው፣ ስንቱን እኔ ከራሴ እንደጨመርኩት አላስታውስም። ከእንግዲህ ያላለውን አልጽፍልህም።

እህትህ ሎሳሊኔ
ሎቶፎአ፣ ሃአፓይ
ሰኞ፣ ጁን 12 ቀን 2023

ላጥፈው ስል በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ አባባ ወደ ሰባኪው ቤት በሚወስደው መንገድ እየሄደ ነው።