ለዱራሜ የሰጠሁት እንሰት

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ቢላዋውን እሳት ላይ ለብልቤ መልሼ ሰቀልኩ። እጄን ሁለቴ ታጠብኩ። አሁን ልጻፍልሽ፣ ደብተሬ።

በጓሮው ታችኛው ጥግ ያለው ጊሺራ የሚባለው እንሰቴ ሞተ። ባለፈው ሳምንት የመሃል ቅጠሉ ብቻ ነበር የጠወለገው። ዛሬ ግንዱን ስቆርጠው ቢጫ ፈሳሽ አወጣ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ጎረቤቴ አቶ ሄራሞ ጉድጓድ ቆፈሩልኝ፤ ከነአሚቾው፣ ከነወፍራም ሥሩ ቀበርነው። ሲቆፍሩ ዝም አይሉም። "መምህርት፣ ለዚህኛው ጸሎት አይደረግለትም?" አሉኝ። አልሳቅሁም።

የምፈራው ለሞተው አይደለም። ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ነው። ከአንድ አሚቾ የበቀሉ ብዙ ነበሩ። ግማሾቹ እዚሁ ጓሮዬ አሉ፤ አረንጓዴ ናቸው፣ ምንም አይታይባቸውም። ግማሾቹን በጥር ምሕረት ይዛ ሄደች። ምሕረት የሟች ወንድሜ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ዱራሜ አገባች። ሙሽራ ከቤቷ እንሰት ይዛ ካልወጣች እኛ ዘንድ ባዶ እጇን ሄደች ይባላል። ስለዚህ ያለኝን ምርጥ ሰጠኋት። አንድ በአንድ አገላብጬ፣ ቅጠሉን አይቼ።

ችግኞቹ አሁን በአማቷ በወ/ሮ ታደለች ጓሮ ዳር ናቸው። ዝናብ ሲይዝ ወደ መሃል ይዛወራሉ። የወ/ሮ ታደለች እንሰት የሰባት ሰው ቤት የሚበላው ነው። በሽታው በእኔ ችግኝ ከገባባቸው ምሕረት እዚያ ቤት ምን ፊት ይኖራታል?

የልጄ ልጅ ትዕግስት (ከእንግዲህ ት.) እዚህ ሆሳዕና ባለው ዩኒቨርሲቲ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ትማራለች። ደወልኩላት። ከየእንሰቱ ቅጠል ቆርጠሽ በየላስቲኩ አስቀምጪልኝ፣ እመረምራለሁ አለች። አደረግሁ፤ ከሞተው የቆረጥኩትንም ቅጠል ጨመርኩ። በእያንዳንዱ መካከል ቢላዋውን በእሳት አሳለፍኩ። አቧራ የለበሰ ቅጠል ወደ ዩኒቨርሲቲ አይላክም፤ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ስም፣ ቦታ፣ ቀን ጻፍኩ። ጽሑፌ ገና ቀጥ ያለ ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ት. ምሳ ሰዓት መጣች። ቅጠሎቹን አይታ አመሰገነችኝ፤ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ።

ጥያቄዬ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከአንድ አሚቾ የበቀሉ እንሰቶች ዲኤንኤያቸው አንድ ነው ትላለች፣ ፍጹም አንድ። እንግዲያው አንዱ ከታመመ ሁሉም ታመዋል ማለት ነው? አይደለም አለች። እንግዲያው ዲኤንኤያቸውን ማየት ምን ይጠቅማል? የእንሰቱን ዲኤንኤ አይደለም የምንፈልገው፣ የባክቴሪያውን ነው አለች። ባክቴሪያም ዲኤንኤ አለው። ይህን ማን አስተማረኝ? ማንም። በእኛ ጊዜ ተሕዋስያን ክብ፣ ዘንግ፣ ጠመዝማዛ ነበሩ፤ ሥዕላቸውን ሥለን አለፍን።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እንዳልረሳ። ቅጠሉ ይፈጫል። ዲኤንኤው ከቅጠሉ ጭማቂ ተለይቶ ይወጣል። የባክቴሪያውን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ይጨመርበታል። ፒሲአር የሚሉት ማሽን ያሞቀዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ደግሞ ያሞቀዋል፤ የተያዘው በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። በመጨረሻ ጄል በሚሉት እንደ ረጋ አጥሚት ያለ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳል። ባክቴሪያው ካለ መስመር ይታያል። ከሌለ የለም።

ይህን ወደድኩት። አለ ወይም የለም። ትክክል ወይም ስሕተት።

ከሄደች በኋላ ግን ሌላው መጣብኝ። ዲኤንኤያቸው አንድ ከሆነ፣ አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ያ ለምን ሞተ? ይህ ለምን ቆመ?

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ማታ

ሁሉም መስመር አላቸው። ሁሉም።

ት. በስልክ ነገረችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። በሩ ላይ ያለው ሲስቄላ ሳይቀር። እሱ ሌላ ዘር ነው፣ ከጊሺራዎቹ በቤቱ ማዶ፤ ከዚያች ቅጠል በቀር ቢላዋ ከነካው ዓመት አልፎታል። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል አልኳት። አይደለም፣ ለማመሳከሪያ ንጹሕ ውሃም አብረን አስገብተናል፣ ውሃው መስመር የለውም አለች። ስለዚህ የተበላሸው ላቦራቶሪው ውስጥ አይደለም።

ለአቶ ሄራሞ አጥር ላይ ሆኜ ነገርኳቸው። አሰቡና፣ "ይህ ማሽን ጎመንዎን ቢሰጡትም ታሟል ይላል" አሉ። ተቆጣሁ። ቤት ገብቼ እኔም ያንኑ አሰብኩ።

ገጀራውን አወጣሁ። መልሼ አስገባሁ። አረንጓዴ ቆሞ የሚያይሽን ነገር እንዴት ትቆርጪዋለሽ?

ያኔ ምሕረት ደወለች። ችግኞቹ አዲስ ቅጠል አወጡ። ወ/ሮ ታደለች ለጎረቤት ሁሉ እያሳዩ ነው። የሆሳዕና አክስትሽ እጅ ይባረክ ብለዋል። አሜን አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ት. ሳትነግረኝ መጣች፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንድ በአንድ ንገሪኝ፣ እንዴት ቆረጥሽ፣ የት አስቀመጥሽ፣ ምን ነካው። በኩራት ነገርኳት። ቢላዋው በእሳት፣ እጄ በሳሙና፣ ቅጠሎቹ በእርጥብ ጨርቅ።

"በስንት ጨርቅ?"

"በአንድ ነዋ። ስንት ጨርቅ ያስፈልጋል?"

ግንባሯን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። "እማማ፣ የሞተውን ቅጠል መጀመሪያ ወልውለሽ ከዚያ ለሁሉም አዳረስሽው እኮ።"

ገባኝ፤ ደግሞ አልገባኝም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን ጥፍራችን ይታይ ነበር። ጥፍሯ የቆሸሸ ውጭ ቆማ ትውላለች። እኔ አንድም ቀን ውጭ አልቆምኩም። ለሠላሳ ዓመት ያንኑ አስተማርኩ። አሁን ጨርቄ አቆሸሸ ይሉኛል። ንጽሕና ለዓይን ነው፣ ዲኤንኤ ዓይን አያውቅም አለች ት.። ይህን እያሰብኩ ዋልኩ።

ወዲያው ግን ደነገጥኩ፤ የቆሙትንስ በጨርቁ ነክቻለሁ? አልነካሁም። የወለወልኩት ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ብቻ ነው። ተመስገን።

ስለዚህ ሁሉም ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም ላይሆኑ። ከትናንት ያነሰ አወቅሁ፤ ደስታዬ ግን በዛ። ት. ራሷ ቆረጠች፤ ለየእንሰቱ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ምላጭ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

መጋቢት 14፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ት. አብራኝ ነበረች። ውጤቱ ገና ነው። በመንገድ ላይ ያንን ጥያቄዬን አነሳሁባት፤ ዲኤንኤው አንድ ሆኖ አንዱ ለምን ሞተ፣ ሌላው ለምን ቆመ?

ግድግዳው ላይ የመዝሙር ቁጥር የሚጻፍበትን ሰሌዳ አስታወሰችኝ። የሁላችሁም መጽሐፍ አንድ ነው፣ ውስጡ ያሉት መዝሙሮችም አንድ ናቸው፤ ዛሬ የተዘመሩት ግን ቁጥራቸው የተጻፈው ብቻ ናቸው አለች። ጂን ሁሉ አለ፤ ሁሉም ግን አይሠራም። እንሰቱ በሽታ ሲመጣበት የመከላከያውን ገጽ ቶሎ ከገለጠ ይቆማል። ካልገለጠ ይወድቃል። የሚዘመረው ድምፅ አርኤንኤ ይባላል።

ይህ ገባኝ። ስለዚህ ጠየቅኋት፤ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ማነው? አንዳንዴ ሙቀት፣ አንዳንዴ ውሃ፣ አንዳንዴ በሽታው ራሱ፣ አንዳንዴ ሌላ ጂን አለች። እሱንስ ማን አዘዘው? ሌላ ጂን። እሱንስ? "እማማ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል" አለች።

አንድ ነገር ግን ጨመረች፤ የማልረሳው። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ቅጠሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ሰውየው ሞቶ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀር። ድምፅ ግን የሚኖረው በሕይወት ካለ ነው። ስለዚህ መስመር ማየት ባክቴሪያው መኖሩን እንጂ በሕይወት መኖሩን አይነግርም።

እንግዲህ አለ ወይም የለም ያልሽኝ የት ሄደ? ስላት እርምጃዋን አፈጠነች።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሁለተኛው ውጤት።

ሲስቄላው ንጹሕ። ከጊሺራዎቹ ብዙዎቹ ንጹሕ። ከሞተው አጠገብ የቆመው ላይ መስመር አለ። ደብዛዛ።

ት. ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። ጥቁር ነገር ላይ ነጫጭ ሰረዞች። ጣቷን አንድ ቦታ አደረገች። በመነጽር መስመር አለ። መነጽሬን ሳወልቅ የለም። ደግማ ሠርታዋለች፤ ያኔ ጠፋ። ሦስተኛ ሠራች፤ ተመለሰ። አስተማሪዋ "አልተወሰነም" ብለሽ ጻፊ ብሏታል። አልተወሰነም ምን ዓይነት ማርክ ነው? እኔ ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም።

አርኤንኤውን መርምሪው አልኳት፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እንወቅ። ለዚያ የሚያስፈልገው ኬሚካል አልቋል፤ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፤ ቢፈጥን ግንቦት። ቅጠሉም እንደተቆረጠ በበረዶ ካልተያዘ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል አለች።

ያ ደብዛዛ የዱራሜዎቹ ወንድም ነው። አብረው በቀሉ፣ በአንድ ቢላዋ ተለያዩ፣ በአንድ ቀን ተነቀሉ። ታዲያ እነሱስ? ት. እንዲህ አለች፤ ላይኖርባቸው ይችላል። ሊኖርባቸው ይችላል። ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ራሴን አመመኝ። ተኛሁ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋትም አላቆመም። ጣሪያውን እየሰማሁ ስልኩን አየው ነበር፤ ጮኸ።

ምሕረት። ሰኞ ችግኞቹ ይዛወራሉ። ወ/ሮ ታደለች ቦታ መርጠዋል፤ ከራሳቸው ትልልቅ እንሰቶች መሃል። ሥሩን የሚያስተካክሉት በገዛ ቢላዋቸው ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም ብለዋል። ትልቅ ክብር ነው አክስቴ፣ ታላቅየዋን ምራታቸውን እንኳ እንዲህ አላከበሩም አለች። ድምፅዋ የሕፃን ነበር።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ደብዛዛ ነው ብዬ? በመነጽር አለ፣ ያለ መነጽር የለም ብዬ? ደግሞስ እሷን ነግሬ እሷ ለአማቷ ትንገር? ቻው ተባባልን።

ለአቶ ሄራሞ ነገርኳቸው። በመጀመሪያ ቀለዱ፤ "ዱራሜ መነጽር ያደረገ ሰው ከሌለ ምንም የለም" አሉ። ፊቴን አይተው ተዉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አልሸነግልዎትም መምህርት፣ የሙሽራ እንሰት ንቀሉ ማለት ልጅቱን መልሱልን እንደ ማለት ነው፤ ሰዎቹ በሽታውን ሳይሆን ያንን ነው የሚሰሙት አሉኝ። ባይሆን ሌላ ምትክ ይዘው ይሂዱ አሉ።

ት.ን ጠየቅኋት። ከዚህ ጓሮ ለጊዜው አንድ ችግኝ አይወጣም አለች፤ ንጹሕ የተባለውም ቢሆን። እንግዲያው ምትክም የለኝም። ከገበያ ገዝቼ እንዳልሄድ የገበያውን ማን መረመረው?

ደብዛዛውን ዛሬ ነቀልኩት። አረንጓዴ ነበር። ስቆርጠው ምንም ፈሳሽ አልወጣም። ምንም። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ነጭ ነው፣ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ገደልኩ? ወይስ ቀደምኩት? የሚነግረኝ የለም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30፣ መናኸሪያ

የዱራሜ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። ረዳቱ "እማማ ከፊት ይሁኑ" ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ዝናቡ ቆሟል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።

ትናንት ማታ ያሰብኩት ይህን ነው። ት. ስለ መስመሩ እርግጠኛ መሆን አለባት፤ ሥራዋ ነው። ግንቦት ድረስ ትጠብቅ። እኔ እርግጠኛ እስክሆን ብጠብቅ ሰኞ ወ/ሮ ታደለች ቢላዋቸውን ይዘው ይገባሉ፤ የእኔን ሥር ቆርጠው በዚያው ቢላዋ የራሳቸውን ይነካሉ። መስመሩ ውሸት ከሆነ የማጠፋው ጥቂት ችግኝና የእኔን ስም ነው። እውነት ከሆነ ግን የሰው ጓሮ ነው። ነገሩ አሁንም አልገባኝም። ሂሳቡ ግን ይህ ነው።

ት. ልከተልሽ አለች። እምቢ አልኩ። የላቦራቶሪ ሰው ይዤ ብገባ ክስ ይመስላል። አቶ ሄራሞ ማለዳ አጥሩ ላይ ነበሩ፤ እጄን አዩ። "ባዶዎን ነው?" አሉ። ባዶዬን ነው አልኩ። ቅቤ ላምጣልዎት አሉ። ተዉት አልኩ፤ ቅቤ ይዤ ከገባሁ መጀመሪያ ምስጋና ይመጣል፣ ከምስጋና በኋላ መናገር አልችልም።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። ወ/ሮ ታደለች ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ወንበር ሳይቀርብ፣ ውሃ ሳይመጣ እናገራለሁ። ምሕረት ምንም አታውቅም፤ ችግኙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የምነቅለውም በገዛ እጄ ነው፤ ጉድጓዱንም እኔው ከፍዬ አስቆፍራለሁ። ይቆጡኝ። ከፈለጉ ደጃፌን አይርገጡብኝ ይበሉ። ልጅቱን ግን በእኔ ጥፋት እንዳይቀየሟት እለምናለሁ።

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሚኒባሱ ተነሣ፤ ደብተሩን ልዝጋ።