የእድሩ ፋኖስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
የሀዲዱን መቀየሪያ ግራሶ ቀባሁ። የሚያልፍ ባቡር በጠፋበት! እጅ ልማዱን አይተውም።

ማስታወሻዬ፣ ቅነሳው እርግጥ ሆነ። አቃቂ ጣቢያ እሑድ የመጨረሻውን ባቡር አሳልፎ ይዘጋል፤ እኛም ወደ ጡረታ። አልደነገጥኩም። የደነገጠችው ባለቤቴ አስካለ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ልቀመጥባት ነውና።

የሠራተኛ ጉዳይዋ ወ/ሪት ሂሩት ሰብስባ አስረዳችን። የጡረታ ፋይላችን ዓርብ ወደ ዋናው መ/ቤት ይሄዳል። ዓርብ ያመለጠው ፋይል መቼ እንደሚታይ እሷም አታውቅም። ከዚያ በፊት ክሊራንስ፤ በእጃችን ያለውን የመ/ቤት ዕቃ መልሶ ማስፈረም። ማንበብ ለሚቸግረው አጠገቡ ቁጭ ብላ ታነብለታለች። እግዜር ይስጣት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ባንዲራ፣ ተመለሰ። ፊሽካ፣ ባትሪ፣ ተመለሱ። ካፖርቱም፣ አይጥ የበላው ኪሱ ተጠግኖ። የግምጃ ቤቱ ጋሽ ሞላ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፋኖሱስ? አሉኝ።

ክው አልኩ። ቀይና አረንጓዴ መስታወት ያለው፣ ለባቡር ምልክት የማሳይበት። ባትሪ ሲሰጡን ለእድራችን አዋስኩት፤ ለቅሶ ድንኳን በር ላይ ተሰቀለ፣ በዚያው ቀረ። የመ/ቤት ዕቃ መሆኑን እኔው ረስቼዋለሁ።

ከሰዓት ገመቹ ዘንድ። አብሮ አደጌ ነው፣ የእድሩ ንብረት ያዥ። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ፋኖሱ ከብረት ድስቶቹ ጋር የእድር ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ በነጭ ቀለም «እድር» ተብሎም ተጽፎበታል። ያለ ጉባኤ አይወጣም፤ ጉባኤው በሚቀጥለው ወር። ደንቡን ማን አወጣው? ድስት የጠፋብን ጊዜ፣ እኔ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ገመቹን ወዳጅነት አሸነፈው። ነገ ጠዋት በዋስ ይሰጠኛል። ተመስገን። አስካለ ሽሮዋን አጣፍጣዋለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ጎህ ሲቀድ የእድር ጥሩንባ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አረፉ። ነፍስ ይማር፤ ደግ ሴት ነበሩ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ቆሟል፣ ፋኖሱም በሩ ላይ። ልጃቸው፣ ከሀዲዱ ማዶ የሚመጣ ለቀስተኛ እንዳይሳሳት ብላ አረንጓዴውን ወደ መንገድ አዙራዋለች። ሁለቴ ወጣሁ፣ ሁለቴ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከለቅሶ በር ፋኖስ የሚነቅል ሰው አልሆንም። ጡረታው ይቆይ።

ለወ/ሪት ሂሩት ሄጄ ነገርኳት። ድንኳኑ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስካለ ደግ አደረግህ አለች፤ ድምጿ ግን ደከም አለብኝ። አልቆጨኝም። ትንሽ ቆጨኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከቀኑ 6 ሰ.
ሰፈሩ በኅዳር ጭስ ታፍኗል፤ ሁሉም ቆሻሻውን ያቃጥላል። ድንኳን ውስጥ ዓይኔን ሳሽ ማን ይግባ? ወ/ሪት ሂሩት፣ ጋሽ ሞላን አስከትላ። ያን ሁሉ መንገድ በእግር አምጥታቸዋለች።

ጋሽ ሞላ ለሐዘንተኞቹ እግዜር ያጥናችሁ ብለው ተቀመጡ። ንፍሮ ዘገኑ። ፋኖሱን አንጋጠው አዩ፣ አዩ። ከዚያ የኔን ክሊራንስ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ዕቃው አልጠፋም» አሉ፤ «ሥራ ላይ ነው። ሰኞ ታመጣልኛለህ።»

ፈረሙ። ወ/ሪት ሂሩት ወረቀቱን ይዛ ፋይሎቹን ወደሚወስደው መኪና ሮጠች። ፋይሌ ከሌሎቹ ጋር ሄደ። ማስታወሻዬ፣ አለቀስኩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ለእትዬ ዘነበች መስሎት አጽናናኝ። ለሳቸውም ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ከቀኑ 11 ሰ.
ነገ ጾም ይገባል፤ ዶሮ ተበላ። ድንኳኑ ትናንት ስለተነሣ ገመቹ ፋኖሱን ወልውሎ፣ ጋዝ ሞልቶ አመጣልኝ። ጽሑፉን ልፋቀው ወይ ሲለኝ ተወው አልኩት።

አሁን ጣቢያ ነኝ። የመጨረሻው ባቡር ይጠበቃል። ባትሪውን መልሻለሁ፣ በእጄ ያለው ፋኖሱ ብቻ። አስካለም መጥታለች፤ ስሠራ አይታኝ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆማ፣ ገና ብርሃን ሳለ ለምን አበራኸው ትለኛለች።

ሰው ሁሉ እድር አለው። ባቡሩንም እድር ይሸኘው።

በዱከም በኩል ጮኸ። አረንጓዴውን ላዙርለት።