ከሰሊጡ ሂላ ሥር ያለው አፈር

ውድ ልጄ አይናለም፣

ይህን ደብዳቤ ከገንዳ ውሃ ወደ ገለጉ ለሚወርድ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ስልክ ብደውል፣ ድምፅሽን ስሰማ እውነቱን እንዳላሳጥረው ፈራሁ።

ለምርምርሽ አደራ ያልሽኝ የማሳው ጥግ ረክሷል።

ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ሰዉ መድኃኒት የሚለው መርዝ ሳይነካው፣ በእጄ እያረምሁ ጠበቅሁት። በየዓመቱ የላክሁልሽን አፈር መርምረሽ «የኔታ፣ አሮጌውን መርዝ እየበሉት ነው!» ስትዪኝ፣ በዓይን በማይታዩት በእነዚያ ረቂቃን ነፍሳት እንደ ራሴ ተማሪዎች ኮራሁባቸው። የቀረሽ የዘንድሮው አፈር ብቻ ነበር።

ለተዝካር ጎንደር በወጣሁበት ሳምንት፣ ማሳውን አብሮኝ የሚያርሰው የእኅቴ ባል ማተቤ የታጨደውን የሰሊጥ ነዶ እስኪደርቅ እዚያው ጥግ ላይ አስደግፎ፣ ሂላ አድርጎ አቆመው። ቦታው ደልዳላ፣ አረም የሌለበት ነዋ! ፍሬውን የሚመጠው የሰሊጥ ትኋን እንዳይገባበትም ነጩን የመርዝ ዱቄት ከሥሩ እንደ አመድ ነሰነሰው። ስመለስ ጮኽሁበት።

«ምነው የኔታ፣» አለኝ እየሳቀ፣ «በእድሩ ፊት ‹አምላክ በአፈር ውስጥ መርዝ የሚበሉ አገልጋዮች አኑሯል› ያሉን እርስዎ አይደሉ? ሦስት ዓመት ጦም ያሳደሯቸውን እኔ ምሳ ባበላቸው ምን አጠፋሁ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ።

የቆጠቆጠኝ ፌዙ አይደለም። አንቺ የነገርሽኝ ሁለት ነገር ነበር፤ መርዙን ይበላሉ፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ራሳቸው ያልቃሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሰብኬ ሁለተኛውን ዋጥሁት። ሕዝቡ «እውነት ነው!» ሲለኝ ጣፈጠኝና። ንስሐ አለ ብላችሁ አትበድሉ እያልሁ ሠላሳ ዓመት የገሠጽሁ ሰው፣ ለመርዙ የንስሐ አባት አቆምሁለት። ዘንድሮ የመንደሩ ሰው አፈሩ ይበላዋል ብሎ እጥፍ ረጭቷል። ማንን ልገሥጽ? በምን አፌ?

ልጅ ሳለሽ አንዲት ፊደል ዘለልሽ ብዬ ጆሮሽን ቆንጥጬሻለሁ። እኔ የትምህርቱን እኩሌታ ዘለልሁ።

ከሂላው ሥር ያለውን አፈር በአንድ ከረጢት፣ ዱቄቱ ያልደረሰበትን በሌላ አድርጌ ልኬልሻለሁ። የሦስት ዓመት ድካምሽን እንደማይመልስ አውቃለሁ። ውጤቱን ስትጽፊ ግን «ባልታወቀ ምክንያት» እንዳትዪ፤ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ስሜን ጻፊው። እኔም እሑድ በእድሩ ፊት ቆሜ የዋጥሁትን እኩሌታ እናገራለሁ። ማተቤም ይሳቅ።

ጆሮው ለቁንጥጫሽ የተዘጋጀ፣
የኔታ ደሴ