በወተት የሰጠሁሽ ኪኒን

ሃዸ ለሊሴ፣ የለሊሴ እናት፣ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን አሥራ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቀኑንም ልጨምርልሽ ነበር፤ «ይኸው አባ ዝርዝር ጀመረው» ብለሽ እንደምትስቂብኝ ስለማውቅ ተውኩት። እየቸኮልኩ ነው የምጽፍልሽ። እንዳትደነግጪ፣ የደስታ ነው።

ዋናውን ከጀመርኩ ሌላውን ስለምረሳው መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። አንደኛ፣ ጣራው ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ማዞር ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ስኳር በቀበሌ ካርድ ሆኗል፤ እኔ እንደሆንኩ ሻይ በጨው ለምጃለሁ። ሦስተኛ፣ የጓሮው ኮክ ደርቆ ነበር፣ ዘንድሮ ከሥሩ አቆጠቆጠ። አራተኛ፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በሕይወት አለች፤ ጥርሷ አልቋል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። አምስተኛ፣ እኔ አሁንም እዚያው መዝገብ ቤት ነኝ፤ ወንበሩ ብቻ ነው የተቀየረው።

አሁን ዋናው። ልጅሽ መጽሔት ላይ ወጣች!

የኛ ለሊሴ! ውጭ አገር በታተመ የሐኪሞች መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ፣ ስሟ ከላይ በትልቁ። ከስሟ ቀጥሎ ደግሞ የኔ ስም። ለሊሴ ደበላ ይላል። አንቺ ስትሄጂ አሥረኛ ክፍል እንደነበረች ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ መድኃኒት ተማረች፤ ምሥራቅ ጀርመን ተልካ ዓመታት ቆይታ ተመለሰች፤ አሁን አዲስ አበባ ታስተምራለች። የጻፈችው ጀርመን ሳለች የሠራችውን ምርምር ነው። አሥር ገጽ ከግማሽ፣ ሦስት ሥዕል፣ አራት ሠንጠረዥ። ሠንጠረዥ! ከማን እንደወረሰችው ምስክር አያስፈልግም።

ሐሙስ ከፖስታ ቤት እንደተቀበልኩት በቀጥታ ቢሮ ይዤው ገባሁ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ጓድ ኃላፊያችን ገልብጦ ይዞት ብዙ አየና «በጣም ጥልቅ ጽሑፍ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እስኪወጣ ድረስ ነው ታዲያ።

ችግሩ እኔም ብሆን ቀጥ አድርጌ ከመያዜ በቀር ምንም አልገባኝም። የኔ እንግሊዝኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቅዳሜ ከገበያ በፊት መምህር ሙሉጌታ ዘንድ ወሰድኩት። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የሚያስተምር ጎጃሜ ነው፣ አታውቂውም፤ ከአንቺ በኋላ የመጣ ነው። መነጽሩን አድርጎ አንብቦ አንብቦ «ኦቦ ደበላ፣ ይህቺ ልጅ ቀልደኛ አይደለችም» አለኝ።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። መድኃኒት ስለተዋጠ ብቻ አያድንም። መንገደኛ ነው። አንጀት መናኸሪያው ነው፣ ደም አውቶቡሱ ነው። ከመናኸሪያው ወጥቶ አውቶቡሱ ላይ ካልተሳፈረ የትም አይደርስም፤ ኪኒኑ በሆድ ገብቶ በሆድ ይወጣል። ከተሳፈረም በኋላ ኬላ አለ፤ የሚያልፍ አለ፣ ውረድ የሚባል አለ። ለሊሴ ያጠናችው ይሄንን ነው፤ የትኛው መድኃኒት እንዴት እንደሚሳፈር፣ ማን እንደሚያሳፍረው፣ ማን እጁን ይዞ እንደሚያስቀረው። እኔ እኮ በደስታ ልቀመጥ አልቻልኩም። ስንት ጊዜ ከሸነን አምቦ መኪና ላይ ለመሳፈር ተጋፍተናል! ልጃችን በሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊያ ጻፈችው ማለት ነው።

መምህር ሙሉጌታ ገጹን ገለበጠና «እዚህ ጋ ደግሞ ስለ ወተት ታነሳለች» አለ። «አንዳንዱን መድኃኒት ወተት አንቆ ይይዘዋል ትላለች። ደም ውስጥ አይገባም።»

ሃዸ ለሊሴ፣ ወንበሩ ላይ መልሼ ተቀመጥኩ። ውሃ ስጠኝ አልኩት።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያን የልብ ኪኒን ሐኪሙ በውሃ ትዋጠው ነበር ያለው። አንቺ ሆዴን አገላበጠኝ ስትዪ እኔ አሳዘንሽኝና በወተት ማድረግ ጀመርኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ወተት በብርጭቆ፣ ኪኒኑን በማንኪያ። አርባ አንድ ቀን። አንቺም «ባሌ ነርስ ሆነ» እያልሽ ለጎረቤት ታወሪ ነበር።

በለቅሶሽ በሦስተኛው ቀን፣ ከድንኳኑ ጀርባ እንጨት ስፈልጥ የእትዬ አስካለን ድምፅ ሰማሁ። «መርዝ የጠጣ ሰው ምን ይሰጠዋል? ወተት አይደለም? ወተት ማርከሻ ነው። ታዲያ መድኃኒት በወተት ይሰጣል እንዴ? ደበላ ነው ያረከሰባት» አለች። ሌሎቹ «ተይ እንጂ አንቺ» አሏት። ማንም ግን ውሸት ነው አላለም።

እኔም አላልኩም። ምን ብዬ? አገር ሁሉ የሚያውቀውን እኔ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልተናገርኩትም። መቃብርሽ ጋ ስመጣ እንኳን ስለ ጣራና ስለ ኮክ እያወራሁሽ ነው የምመለሰው። አንቺን ማሰብ ስጀምር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፊትሽ ሳይሆን ብርጭቆውን የያዘው የራሴ እጅ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበር የምኖረው።

አሁን ደግሞ የገዛ ልጄ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ወይስ አልጻፈችውም? መምህር ሙሉጌታን «የትኛውን መድኃኒት ነው ወተት የሚይዘው?» አልኩት። ስማቸውን አነበበልኝ። እኔ ግን ያንቺን ኪኒን ስም በቃሌ አላስታውሰውም።

ቤት ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ያኔ የያዝኩትን ደብተር አስቀምጬዋለሁ፣ ከፍቼው ግን አላውቅም። ታውቂው የለ፣ ሰማያዊው። የኪኒኑ ስም ከሐኪሙ ወረቀት ላይ የተገለበጠ፣ ሰዓቱ፣ የበላሽው፣ የተኛሽበት፣ ወተት አንድ ብርጭቆ፣ ምልክት። ስሙን ከመጽሔቱ ጋር ላስተያየው ሞከርኩ። አልቻልኩም፣ ፊደሉ ተደባለቀብኝ። ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ።

መንገዱን አልነግርሽም። ጊንጪ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ቁርስ ሲበላ እኔ ደብተሩንና መጽሔቱን ታቅፌ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አንዲት ቆሎ ሻጭ በመስኮት «አባባ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው? ቀለል አድርገህ ያዘው» አለችኝ።

ለሊሴ ከክፍል ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ አረማመዷ ቁርጥ አንቺ። «አባዬ! ማን ሞተ?» አለች። «ማንም» አልኳት፣ «ማንም አልሞተም፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።» ቢሮዋ አስገብታኝ ደብተሩን ሰጠኋት። በጉዞው ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፣ በቁጥር ሳይቀር። አንዱም አልመጣልኝም። «ወተቱ እኔ ነኝ» ብቻ አልኳት።

ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «አባዬ፣ እትዬ አስካለ ያንን ስትናገር እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ።»

ሰምታዋለች! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ። እኔ እሷ አታውቅም ብዬ፣ እሷም አባዬ አልሰማም ብላ። መድኃኒት ያጠናችው፣ ወተቱንም የመረመረችው ለዚያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏት ነበር፣ የኪኒኑ ስም። ልትጠይቀኝ ፈራች፤ ከጠየቀችኝ እኔን የከሰሰች መሰላት። ይኸው ቤታችን ሁለት ፈሪ ነበረበት፣ አንቺ ስለሌለሽ አንዱም አልተገሰጸም።

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ እጠብቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ጨርሳ ተመልሳ ስሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይሄኛውን ወተት አይዘውም። ትንሽ ቢያዘገየው ነው፣ አያስቀረውም» አለች።

ለኔ ደስ እንዲለኝ እየዋሸች መሰለኝ። «ስለምታዝኚልኝ ነው የምትይው» አልኳት። ያኔ ተቆጣች፤ በመምህርነቷ ተቆጣች። ደብተሩን አዙራ ፊቴ ላይ ዘረጋችው። «የራስህን ጽሑፍ አንብብ! ዘጠነኛው ቀን ላይ ምን ይላል?»

አነበብኩ። በራሴ እጅ እንዲህ ይላል፦ የእግሯ እብጠት ጎደለ፣ ጫማዋ ገባላት። አሥራ አንደኛው ቀን፦ ያለ ትራስ ተኛች። አሥራ አራተኛው ቀን፦ እስከ ሁሉቃ ድልድይ በእግሯ ሄዳ ተመለሰች፣ በመንገድ እኔን ቀደመችኝ።

«መድኃኒቱ ባይገባ ኖሮ የእግሯ እብጠት አይጎድልም ነበር» አለች ለሊሴ። «ተሳፍሯል አባዬ። ደርሶላት ነበር። ልቧ ውስጥ ያለው መዝጊያ ግን ተበላሽቶ ነበር። ኪኒን ልብን ያግዛል፣ መዝጊያ አይጠግንም። ያን ጊዜ እዚህ አገር የሚጠግንላት አልነበረም።» ከዚያ ደብተሩን ዘግታ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ያዘችው፤ «እንደዚህ ያለ መዝገብ ሆስፒታል ውስጥ እንኳን አግኝቼ አላውቅም» አለች፣ እያለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ተማሪዎቿ በመስኮት አዩን፣ ይዩን።

ይገባሻል? የጻፍኩት እኔ፣ ያላነበብኩት እኔ! ሁሉን ነገር ስመዘግብ የኖርኩ ሰውዬ መልሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት አሥራ ሦስት ዓመት ራሴን ስከስስ።

አምቦ እንደተመለስኩ በቀጥታ እትዬ አስካለ ቤት ገባሁ። ልጣላት ነበር፣ አልደብቅሽም። የምለውን ሁሉ አልኳት፤ አንጀቱን፣ አውቶቡሱን፣ ኬላውን፣ ዘጠነኛውን ቀን። እሷ አፏን ከፍታ ሰምታኝ «እኔ እንደዚያ ብያለሁ? መቼ?» አለች። ረስታዋለች! ምላ ተገዝታ አላልኩም አለች። ኋላ ደግሞ «አይ ደበላ፣ ብለውስ፣ አስካለ ያለችው ሁሉ ይያዛል እንዴ? አንተ ደግሞ የማትጽፈው የለም» ብላ ቆሎ አቀረበችልኝ። ቆሎዋን በላሁ።

ሃዸ ለሊሴ፣ ትናንት ማታም ዛሬ ጠዋትም አሰብኩሽ። እጄ አልመጣብኝም። ፊትሽ ነው የመጣው፣ የፊት ጥርሶችሽ መሀል ካለው ክፍተት ጋር። እንዴት ረስቼው ኖሬያለሁ! አንዱ ትዝታ ሲመጣ ሌላው እየተከተለ፣ ጽሑፌን እየተውኩ ስስቅ ነበር።

ከእንግዲህ ቃል የምገባልሽ አንድ ነው። የማስታውስሽ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነው፤ አርባ አንዱ ቀን ተራው ሲደርስ ይምጣ፣ አይቅደም። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሮ ወንጪ፣ የወንጪ ሐይቅ ነው። የተጋባን ሰሞን ለንግሥ የሄድን ቀን። እኔ ዳር ቆሜ ጀልባው ያፈስ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚችል፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚጠልቅ ቀዛፊውን ስጠይቅ፣ አንቺ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ዘለሽ ገባሽ። ጀልባው ከዳር ሲርቅ ዞረሽ፣ ነጠላሽ ከትከሻሽ እየወደቀ፣ በእጅሽ ና እያልሽ ትጠሪኛለሽ፦ «ኮቱ ደበላ! ኮቱ!»

ባልሽ፣
ደበላ